ያስረዳሁት ዜና ዱመርሶ ሲደርስ

ዲላ ውስጥ ዜና ማስረዳት የጀመርኩት ማንም ሳይለምነኝ ነው። አባቴ፣ አላህ ይርሐመውና፣ ጨርቅና ጨው ይሸጥበት በነበረው ሱቅ ውስጥ እኔ ዛሬ ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ቀለምና ገመድ እሸጣለሁ። እሱ ደንበኛውን «ቤተሰብ ደህና ነው?» ብሎ ነበር የሚቀበለው። እኔ «ሰማህ አይደል?» ብዬ ነው የምቀበለው። ሰውየው አልሰማሁም ካለ አለቀለት፤ ሚስማር ሊገዛ መጥቶ የዓለምን ፖለቲካ ተሸክሞ ይሄዳል።

አልዋሽም፣ ደስ ይለኛል። ወላሂ ደስ ይለኛል! ስልኬ ላይ የማልከታተለው የዜና ገጽ የለም። አዲስ አበባ ስብሰባ ተቀምጠው ሳይነሡ እኔ ውሳኔውን ለጭነት መኪና ሾፌሮች ተንትኜ ጨርሻለሁ። ሚስቴ «አንተ ሰውዬ፣ ሱቅ ነው ወይስ ሬዲዮ ጣቢያ የከፈትከው?» እያለች ትስቅብኛለች። ይሁን፣ ትሳቅ። ሰው ፊቴ ቆሞ «አሃ፣ ለካ ነገሩ እንዲህ ነው!» ሲለኝ አንድ ጣሳ ቀለም ከመሸጥ የበለጠ ያረካኛል።

በከተማችን ዜና በትክክል ማስረዳት የሚችል ሰው ማን ነው ከተባለ ግን እኔ አይደለሁም። ይህን ለመናገር ዓመታት ፈጅቶብኛል። እሳቸው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህርት ናቸው። ወላጆቻቸው ከሰሜን መጥተው እዚህ የከተሙ ናቸው፤ እሳቸው ግን ተወልደው ያደጉት ዲላ ስለሆነ ጌዴኦኛ ሲናገሩ የገጠር ሰው ዞር ብሎ ያያቸዋል። ከተማው በሙሉ ቲቸር ስለሚላቸው እኔም ቲቸር ብያቸው ልቀጥል። ዘጠነኛ ክፍል አስተምረውኛል። ያኔ ካርታ ስስል አንዱን ወንዝ ወደ ተራራው ሽቅብ አስወጥቼው ስለነበር፣ ይኸው ሃምሳ ዓመት አልፎኝ፣ ልጅ ድሬ እንኳ «ያ ወንዝህ ወረደ ወይስ እስካሁን እየወጣ ነው?» እያሉ ይተርቡኛል።

የሰፈራችን እድር ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ይሰበሰባል። ጌዴኦውም ጉራጌውም፣ ኦሮሞውም አማራውም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የምንቀበረው በየመቃብራችን ቢሆንም ድንኳናችን አንድ ነው። ቲቸር የእድሩ ጸሐፊ ናቸው። ስም ይጠራሉ፣ የቀረውን ይመዘግባሉ፣ የታመመ ካለ የሚጠይቀውን ሰው ይመድባሉ፣ ከዚያ ስብሰባው አለቀ ይባላል። ግን የሚነሣ የለም። አንዷ ከኋላ «ቲቸር፣ ይሄ ሰሞኑን የሚወራው ነገር ምንድን ነው?» ትላለች። ቲቸር መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ መወልወል ይጀምራሉ። መነጽር ከተወለወለ ዜና ሊብራራ ነው ማለት ነው፤ ወንበር ወደ ፊት ይጎተታል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብዬ የሰማኋቸው የድሮው የደቡብ ክልል ተከፋፍሎ እኛ ወደ አዲሱ ክልል የገባን ሰሞን ነው። አዲሱ ክልል መሥሪያ ቤቶቹን ለበርካታ ከተሞች ሲያከፋፍል ለዲላም ደርሷት ስለነበር ሰው ሁሉ ግራ ገብቶታል። እኔ በሱቄ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ፌዴራሊዝም፣ ማን ማንን እንደረታ ስተነትን ከርሜያለሁ። በዚያ እሑድ ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልናገርና፣ የቱ ጋ እንደሚሳሳቱ ልይ ብዬ ነው የሄድኩት።

ቲቸር ስለ ሕገ መንግሥት አንድ ቃል አልተነፈሱም። «ይህ ዜና የማንን ቤት ነው የሚያንኳኳው?» ብለው ጀመሩ። «እንበል፣ አንዲት መምህርት ዝውውሯ ተጓቶባት አቤት ልትል ከፍስሐ ገነት ከተማ ትነሣለች። ትናንት እስከ የት ትሄድ ነበር? ዛሬስ እስከ የት ትሄዳለች?» ከዚያ ሴትዮዋን ይዘዋት መንገድ ወጡ። ወረዳ ምን ይሏታል፣ ዞን ምን ይሏታል፣ የትኛው ጉዳይ ዲላ ያልቃል፣ የትኛው ሌላ ከተማ ያስኬዳታል፣ የት ታድራለች፣ የምታጠባውን ልጅ ለማን ትታ ትሄዳለች። መሐል ላይ የተቀመጠች አንዲት ወጣት «ውይ ቲቸር፣ የኔን ነገር ማን ነገረብኝ?» ስትል ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ለካ ማመልከቻዋን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ነው የተቀመጠችው!

ክልል መከፋፈል ማለት ምን እንደሆነ በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ገባኝ። እኔ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሳስረዳ የከረምኩት ሰውዬ፣ ያን ቀን ነው የገባኝ።

ያስቀናኝ ግን ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። ተናግረው ሲጨርሱ አንዷን ሴት ጠርተው «እስኪ አንቺ መልሰሽ ንገሪኝ፤ በጌዴኦኛ ይሁን» አሏት። ሴትዮዋ መናገር ስትጀምር እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ማዳመጥ ያዙ። አንድ ቦታ ላይ ነገሩን አዙራ ተናገረች። እኔ ብሆን «ጆሮሽ የት ነበር?» ነበር የምላት። ቲቸር «ጥፋቱ የኔ ነው፤ አጣምሜ ነው የነገርኳችሁ፤ እንደገና ልሞክር» አሉና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሰው! ሴትዮዋ አላፈረችም፣ ማንም አልሳቀባትም። በሁለተኛው ዙር ቀጥ አድርጋ ተናገረችው።

ሊበተኑ ሲሉ ደግሞ «እንግዲህ ይህን ሰምታችሁ ነገ ጠዋት ምን ልታደርጉ ነው?» ብለው ጠየቁ። አንዱ ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ ሊያስደርግ ነው፣ አንዷ ወንድሟ ጋ ልትደውል ነው፣ አንድ ሽማግሌ «እኔ ምንም አላደርግም፤ ልቤ ብቻ አረፈ» አሉ። ቲቸር ሁሉንም ሰሙ። እኔ በሆዴ ሳቅሁ። ዜና ተሰምቶ ደግሞ ምን ይደረጋል? ዜና ተሰምቶማ ይወራል!

ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ስብሰባ አልቀረሁም። የውጭ ምንዛሪው አሠራር የተለወጠ ጊዜ ሰው ሁሉ ሲጮህ፣ እሳቸው ዘይትና ማዳበሪያ ይዘው ከጂቡቲ ወደብ እስከ ዲላ ገበያ ድረስ አምጥተው አሳዩን። አንዲት የጉልት ነጋዴ «ታዲያ እስከ መቼ ነው እንዲህ የሚሆነው?» ብላ ስትጠይቃቸው «አላውቅም» አሉ። እንዲሁ፣ ቀጥ ብለው፣ «አላውቅም»። ደብተራቸውን አውጥተው ጥያቄዋን ከነስሟ ጻፉ። በሚቀጥለው ወር «ያቺን ጥያቄሽን ባንክ የሚሠራ ተማሪዬን ጠይቄው ነበር፤ እሱም አያውቅም፤ የሚያውቀውን ያህል ግን ነግሮኛል» ብለው ጀመሩ። ሴትዮዋ እንባ እንባ አላት። ጥያቄዋን ወር ሙሉ ተሸክሞላት የከረመ ሰው አይታ አታውቅም መሰለኝ። እኔም አላየሁም።

የማደንቀውን ነገር መስረቅ እወዳለሁ፤ የነጋዴ ልጅ ነኝ። በሱቄ «ይህ ዜና የማንን ቤት ነው የሚያንኳኳው?» ማለት ጀመርኩ። እንዴት ያምርብኛል መሰላችሁ! የመክፈቻውን አረፍተ ነገር ከነድምፁ ወሰድኩት። መልሶ ማስነገሩንና ያን «ነገ ምን ልታደርጉ ነው» የሚለውን ግን ተውኩት፤ ሱቅ ነው፣ ሰው ይጣደፋል፣ ከኋላ ሌላ ገዢ ቆሟል።

ባለፈው የቡና ወቅት ዋዜማ፣ በገበያ ቀን፣ አንድ የዱመርሶ ቀበሌ ገበሬ ወደ ሱቄ ገቡ። ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ደንበኛችን ናቸው፤ አባባ ነው የምላቸው። ትንሽ ነው የሚናገሩት። ከተናገሩም የሚናገሩት ሲቀመጡ ነውና በርጩማ አቀረብኩላቸው። ያን ሰሞን የግብርና ሰዎች ስልክ ይዘው በየማሳው እየዞሩ ድንበር ይመዘግቡ ነበር፤ በየገጠር ቀበሌው፣ ባንኮ ጎቲቲም፣ ዱመርሶም፣ የትም። አንዱ ግብር ሊጨምሩ ነው ይላል፣ ሌላው መሬት ሊወስዱ ነው ይላል፣ ሦስተኛው አውሮፓ አዟቸው ነው ይላል። አባባም «ይሄ የአውሮፓ ነገር ምንድነች?» ብለው ጠየቁኝ። የአባባ አማርኛ እንደዚህ ነው፤ ሴቱን ከወንዱ ብዙ አይለዩም፤ ሐሳባቸው ግን ቀጥ ያለ ነው።

የዜናውን ርእስ ያን ቀን ጠዋት ስልኬ ላይ አይቼዋለሁ። ርእሱን። ከሥሩ ያለውን ልከፍተው ስል አንድ ቀለም ገዢ ጠራኝ፣ በዚያው ቀረ። አላነበብኩትም ማለት ግን በእኔ ተፈጥሮ የለም። «አባባ፣ ይህ ዜና የእርስዎን ቤት ነው የሚያንኳኳው» አልኩና ቀጠልኩ፤ «ነገሩ ቀላል ነው። አውሮፓውያን ከእንግዲህ ከደን የወጣ ቡና አንገዛም ብለዋል። ከሰማይ በሳተላይት ያያሉ። ከላይ ሲያዩት ደን የሆነ ማሳ፣ በቃ፣ ቡናው አይሄድም።»

አባባ «የኔ ማሳ ከላይ ምን ትመስላለች?» አሉኝ።

«የእርስዎማ ድፍን ደን ነው!» አልኳቸውና ሳቅሁ።

የጌዴኦን ማሳ ያየ ያውቀዋል። ቡናው ሥር ነው፣ እንሰቱ አጠገቡ ነው፣ ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ዝግባ። ለባለቤቱ እርሻ ነው፤ እያንዳንዱን ዛፍ የተከለውን ሰው ያውቃል። ከመንገድ ላይ የሚያይ እንግዳ ግን ደን ነው ብሎ ያልፋል። ያ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ጊዜ እኔው ራሴ ሱቄ በር ላይ ቆሜ ለአላፊ አግዳሚው ሳስረዳ ውያለሁ። በዚያች ቀን ግን ትዝ አላለኝም። አባባ ተነሡ፣ አመሰገኑኝ፣ ሄዱ። እኔ ወደ ቀለሙ ዞርኩ።

ሁለት ሳምንት ያህል አለፈ። አንድ ጠዋት ሱቁን እንደከፈትኩ የአባባ ሴት ልጅ መጣች፤ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ የምትሠራ፣ ሳቂታ ሴት ናት። ወፍራም ገመድ ፈለገች። «ስንት ሜትር?» አልኳት። «ረጅም ይሁን» አለች። ለክቼ፣ ቆርጬ፣ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ከዚያ፣ እንዲያው ለወሬ ያህል፣ «ምን ልትጎትቱ ነው?» አልኳት።

«ዛፍ ነዋ። ቤቱ ላይ እንዳይወድቅ በገመድ ሊስቡት ነው። መጋዝ ያለው ሰው ጠዋት መጥቷል።»

«የምን ዛፍ?»

«ዋንዛዎቹንና ዝግባዋን። ሁሉንም።» ገረማት። «አንተ ነህ አይደል ለአባቴ የነገርከው? አውሮፓ ደን ያለበትን ቡና አይገዛም አላልክም? ሽማግሌዎቹ ሶንጎ ላይ ተቀምጠው ተነጋገሩበት። ሦስት ቀን ነው የተነጋገሩበት። የሱቁ ልጅ ካለ እውነት ነው ብለው ፈቀዱ። ከአባቴ ቀጥሎ ጎረቤቶቻችን ይቆርጣሉ።»

ሶንጎ ማለት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር የሚቆርጡበት ቦታ ነው። ጌዴኦ አገር ትልቅ ዛፍ ዝም ብሎ አይነካም፤ ይጠየቃል፣ ይመከራል፣ ምትክ ይተከላል። ሕዝቡ እንደ ልማዱ፣ በወጉ፣ ተመካክሮ ነው የወሰነው። የተማከሩበት ነገር ግን እኔ ከአንድ ርእስ ላይ ቀድቼ የለቀቅሁት ወሬ ነው። ይህ ሲገባኝ ልጅቷ ገመዷን ይዛ ወደ መናኸሪያው ሄዳለች። ስልኳን አላውቀውም።

መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ዜናውን መክፈት ነው። ቆሜ፣ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ሕጉ ዛፍ ያለበትን ማሳ አልከለከለም። የከለከለው ደን እየተመነጠረ ከተተከለ መሬት የመጣን ቡና ነው፤ ከተወሰነ ዓመት ወዲህ ደን ያልተጨፈጨፈበት መሆኑን አሳዩን ነው የሚለው። ማሳው በስልክ የሚመዘገበውም ለዚሁ ነው። እኔ ገልብጬ ነው የነገርኳቸው። ዛፋቸው ምስክራቸው ሆኖ ሳለ ምስክራቸውን እንዲጥሉ ነገርኳቸው።

ሱቁን ለሚስቴ ትቼ ወደ ቲቸር ቤት በሩጫ ሄድኩ። ለምን ወደ እሳቸው? ብቻዬን ብሄድ ማን ያምነኛል? ደግሞም ፈራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ። ጓሯቸው ውስጥ ጎመን እየቀጠፉ አገኘኋቸው። የሆነውን ነገርኳቸው። ጎመኑን ደጃፍ ላይ አስቀምጠው ነጠላቸውን አነሡና «መኪናህ ትሠራለች?» አሉኝ።

አሮጌዋ ፒክአፔ ትሠራለች። በመንገዳችን ያለችውን ወናጎን እንዳለፍን «በትክክል ምን አልካቸው?» አሉ።

«ቲቸር፣ ያው እንግዲህ፣ ሕጉ ውስብስብ ስለሆነ ባጭሩ...»

«ባጭሩ አላልኩህም። ያልካቸውን።»

«ሰውዬውም እኮ ዝም ብለው ከሚሄዱ መጠየቅ...»

«አንተ ልጅ!»

ሃምሳ ዓመት አልፎኛል፤ «አንተ ልጅ» ሲሉኝ መሪው ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ያልኩትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። «ድፍን ደን ነው» ብዬ መሳቄንም አልደበቅኳቸውም። ቲቸር በመስኮት ወደ ውጭ ያዩ ነበር። «እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጌ አውቃለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ስለ ክትባት ነበር። አንዲት እናት አጣምሜ ስላስረዳኋት ልጇን ሳታስከትብ ቀረች። ልጁ ታሞ ተረፈ፣ ግን ወር ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ነው ሰውን መልሰህ ንገረኝ የምለው። ይህን ሁሉ ጊዜ ስትሰማኝ፣ ተሳስቼ የማላውቅ እንዳይመስልህ።» እንዲህ ያለ ነገር ለማንም ነግረው የሚያውቁ አይመስለኝም፤ እኔን ለማጽናናት ብለው ግን አወጡት። በዚያች መኪና ውስጥ ከዚህ በፊት ከማከብራቸው በላይ አከበርኳቸው።

ዱመርሶ ደርሰን መኪናዋን መንገድ ዳር አቁመን ሽቅብ በእግራችን ወጣን። የሞተር መጋዙ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ቲቸር ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ቢሆንም ከእኔ ቀድመው ነበር የሚራመዱት። ማሳው ጋ ስንደርስ አንዱ ዋንዛ ወድቋል። ግዙፍ ዋንዛ ነው፤ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የሥሩን ቡና ጨፍልቆታል፤ ሰማዩ በክፍተቱ ገብቶ ቦታው ቦግ ብሏል። ዐሥር የሚሆኑ ሰዎች ቆመዋል። ዝግባዋ ላይ ገመድ ታስሯል፤ ልጅቷ ቀድማን ደርሳለች። ባለመጋዙ ሞተሩን አስነሥቶ ሊጠጋ ነው። እኔ «አቁሙ! አቁሙ!» እያልኩ እየጮህኩ መሐል ገባሁ። ሞተሩ ጠፋ።

አባባ አዩኝ፤ ደስ አላቸው። «መጣህልን?» አሉኝ። ላያቸው አልቻልኩም።

እኔ ወዲያው ልለፈልፍ ነበር። ቲቸር ክንዴን ያዙኝና ራሳቸው ወደ አባባ ሄዱ። በጌዴኦኛ ሰላምታ ሰጡ፤ እንደ ወጉ፣ ሳይቸኩሉ፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ቡናው ጠየቁ። መጋዝ ቆሞ፣ ሰው ቆሞ፣ እኔ ላብ እያጠመቀኝ! ከዚያ «ይህን ዛፍ ለምን እንደምትቆርጡ ይንገሩኝ፤ የሰሙትን እንዳለ ይንገሩኝ» አሏቸው። አባባ እኔ በነገርኳቸው በአማርኛ ተናገሩ። ሱቄ ውስጥ የተናገርኩትን እያንዳንዱን ቃል፣ ከነቅደም ተከተሉ፣ ከነሳተላይቱ፣ ከነ«በቃ» ተናገሩት። እኔ ራሴ ይህን ያህል አላስታውሰውም ነበር። አንድ ቃል አልጨመሩም፣ አንድ ቃል አልቀነሱም። በእድሩ ድንኳን ውስጥ እንኳ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ሰምቼ አላውቅም። እንዲህ ያለ አድማጭ ለማንም አይገኝም፤ እኔ ግን አግኝቼው አበላሸሁበት።

ቲቸር ወደ እኔ ዞሩ። «ነገሩ ያንተ ነው፤ አንተው አስተካክለው» አሉኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ቆሜ ስናገር ኖሬ ያን ያህል ከብዶኝ አያውቅም። «ተሳስቼ ነው» አልኩ። «ርእሱን ብቻ አንብቤ ነው የነገርኳችሁ። የተባለው ተቃራኒው ነው። አውሮፓውያን ደን አትመንጥሩ ነው ያሉት። ዛፍ ያለው ማሳ ቡናው አይከለከልም። የግብርና ሰዎች በስልክ የሚመዘግቡትም ማሳው የት እንዳለ፣ ደን ተመንጥሮ የተተከለ አለመሆኑን ለማሳየት ነው። ሕጉ የሚጀምርበትን ጊዜ ራሳቸው ገና እያራዘሙት ነው። ዛፋችሁን አትንኩ።» አንዱ ሽማግሌ ቆጣ ብለው «አንተ ባለፈው ሌላ አልክ፣ ዛሬ ሌላ ትላለህ» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። «ባለፈው ስናገር አላነበብኩትም ነበር። ዛሬ አንብቤው ነው የመጣሁት።» ስልኬን አወጣሁና የተጻፈውን ቆሜ አነበብኩላቸው፤ ቲቸር አረፍተ ነገር በአረፍተ ነገር በጌዴኦኛ ተረጎሙት።

ከዚያ ቲቸር ያንኑ የቆጡኝን ሽማግሌ መልሰው እንዲነግሯቸው ለመኗቸው። ነገሯቸው፤ ትክክል ነበር። «ነገ ጠዋትስ ምን ታደርጋላችሁ?» አሉ ቲቸር። ሽማግሌው ወደ ባለመጋዙ እጃቸውን ዘረጉና «ይሄ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ እኛ ሶንጎ ላይ ተቀምጠን ያልነውን እንመልሳለን» አሉ። ሁሉም ሳቀ፣ ባለመጋዙም ሳይቀር። እኔ ብቻ አልሳቅሁም። በሆዴ የቀለድኩበት ጥያቄ ስንት ዛፍ እንዳዳነ ዓይኔ እያየ ቆሜያለሁ።

አባባ የወደቀውን ዋንዛ አሳዩንና «የዚህችስ? ይሄ ተቆርጣለች። በዚህ ምክንያት ቡናዬን እምቢ ይሉኛል?» ብለው ጠየቁ። እኔ «አይ፣ አንድ ዛፍማ ምንም አይደለም!» ልል አፌን ከፍቻለሁ። ቲቸር ቀደሙኝ። «አላውቅም» አሉ። «አይመስለኝም፤ ግን አላውቅም። የሚያውቅ ሰው ጠይቄ ራሴ መጥቼ እነግርዎታለሁ።» ደብተራቸውን አውጥተው የወደቀው ግንድ ላይ ተቀምጠው ጻፉት። በጉልበታቸው ያን ዳገት ዳግመኛ ሊወጡት ነው ማለት ነው። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በ«አላውቅም» እንዲህ ልቡ የሚያርፍ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሰዉ መበተን ሲጀምር አባባ እጄን ያዙና በወደቀው ዋንዛ ዙሪያ ወሰዱኝ። ግንዱን በመዳፋቸው ዳሰሱት። አያታቸው የተከሉት ነው፤ ይህንም የነገረችኝ ልጃቸው ናት፣ እሳቸው አላነሡትም። ይቅርታ ስጠይቃቸው እጄን ጫን አድርገው ያዙ። ግራ ገብቶኝ፣ ጥፋቱን ትንሽ ላካፍል ብዬም ይሆናል፣ «አባባ፣ የግብርናው ልጅ ማሳውን ሲመዘግብ ዛፍ አትቁረጡ ብሎ አልነገራችሁም ነበር?» አልኳቸው።

«ነግሮናል» አሉ። «ሦስት ጊዜ መጣ። ሦስቱንም ጊዜ ዛፍ አትቁረጡ አለ።»

«ታዲያ ለምን አልሰማችሁትም?»

አባባ ይህን የሚጠይቅ ሰው በማየታቸው የገረማቸው ይመስል ፊቴን አዩኝ። «እሱ የመንግሥት ሰው ነው። ንገር የተባለውን ይናገራል፣ ደመወዝም የሚበላው በዚያ ነው» አሉኝ። «አንተ ግን የማታውቀውን አትናገርም።»

ቁጣ ፊታቸው ላይ አልነበረም። ምነው በተቆጡኝ።